የመኪና በር ድምፅ

የመኪና በር ድምፅ የተሽከርካሪ በር ሲዘጋ የሚሰማው አጭር ድምፅ ነው። ብዙ ገዢዎች የመኪናውን የአሠራር ጥራት የሚገምቱት በዚህ ድምፅ ነው። ወፍራምና ቁጥብ ሆኖ «ድም» ካለ መኪናው ጠንካራ ነው ይባላል፤ ቀጥኖ «ኳ» ካለና ከኋላው የሚንቀጫቀጭ ነገር ካስከተለ ደግሞ «ቆርቆሮ» የሚል ስም ይወጣለታል። በድምፁና በመኪናው ጥንካሬ መካከል ያለው ዝምድና ግን ከሚታሰበው የላላ ነው። በአዲስ መኪና ላይ ድምፁ አምራቹ አስቦበት የሠራው ነገር ሲሆን፣ ባገለገለ መኪና ላይ ግን ስለ ፋብሪካው ከሚናገረው ይልቅ መኪናው ስላለፈበት መንገድ የሚናገረው ይበልጣል። ለብዙ ዓመታት ወደ አገር ከገቡት የቤት መኪኖች አብዛኞቹ ያገለገሉ በነበሩባት ኢትዮጵያ ይህን ለይቶ ማወቅ ወይም አለማወቅ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ የሚነካ ጉዳይ ነው።

የድምፁ ምንጭ

በር ሲዘጋ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ይመስላል እንጂ የብዙ ድምፆች ድምር ነው። የበሩ መቆለፊያ በመኪናው ምሰሶ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ይይዛል፤ ይህ የሚሆነው በሁለት ደረጃ ስለሆነ በደንብ ያልተገፋ በር በግማሽ ተዘግቶ ይቀራል። በዚያው ቅጽበት ዙሪያውን ያለው የበር ጎማ ይጨመቃል፣ የበሩ የውጭ ላሜራ ይርገበገባል፣ በበሩ ሆድ ውስጥ ያሉት መስታወት፣ የመስታወት ማውረጃና የቁልፍ ዘንጎችም ከላሉ ይንኳኳሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

የውጭው ላሜራ ውፍረት በአብዛኛው 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊና ስስ ብረት እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ የሚንጣጣው ድምፅም የሚመጣው ከዚህ ነው። ውድ የሚባሉ መኪኖች ላሜራም ከዚህ ብዙ አይወፍርም። ልዩነቱ ያለው ከላሜራው ጀርባ በሚለጠፈው ሬንጅ መሰል ከባድ ንጣፍ፣ በጎማው ብዛትና በመቆለፊያው አሠራር ላይ ነው።

አየርም የራሱ ድርሻ አለው። መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው የመጨረሻው በር ሲገፋ በውስጥ ያለው አየር ለቅጽበት ይታመቅና በሩን ይመልሳል፤ አንድ መስኮት ዝቅ ሲል በሩ በቀላሉ የሚዘጋው ለዚህ ነው። አምራቾች አየሩ እንዲወጣ ከኋላ በኩል ማስተንፈሻ ያበጃሉ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ጊዜ የታወቀችው ቮልስዋገን፣ በተለምዶ «ቮልስ»፣ መስኮቷ ካልተከፈተ በሯ አልዘጋ ይላል እየተባለ የሚነገርላት በዚሁ ጥብቅነቷ ነው።

ጆሮ እንዴት ይፈርዳል

ጥራትን በድምፅ መመዘን ከመኪና በፊት የነበረ ልማድ ነው። በሐይቅም ሆነ በሌላ የወሎ ገበያ እንስራ ወይም ጀበና የሚገዛ ሰው ሸክላውን አንስቶ በጣቱ አጥንት ያንኳኳዋል። በደንብ የተተኮሰና ያልተሰነጠቀ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ቁጥር የታተመበት የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር መገበያያ በነበረበት ዘመንም እንዲሁ፣ ጥሩ ብር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሲያቃጭል የእርሳስ ቅጂ ግን ደንቆሮ ድምፅ ይሰጥ ነበር።

በመኪና በር ላይ ፍርዱ ይገለበጣል። እዚህ የሚያቃጭለው መጥፎ፣ የታፈነው ጥሩ ይባላል። ምክንያቱም እንስራ አንድ ወጥ አካል ሲሆን በር ግን ከብዙ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው፤ ድምፁ ከረዘመ የላላ ወይም ያልተሸፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ልዩነትም አለ። የሸክላው ድምፅ ከራሱ ከአካሉ ስለሚወጣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውንና አተኳኮሷን ሳታሻሽል ድምፁን ብቻ ልታሳምረው አትችልም። የመኪና በር ድምፅን ግን የመኪናውን አካል ሳይነኩ ለብቻው ማሳመር ይቻላል።

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ለሁሉም ግን እኩል አይፈርድም። ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ትስቪከር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ድምፅ ለሰው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚያሰላ ዘዴ ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ዛሬ የመኪና መሐንዲሶች ጉልህነትን በሶን፣ ሹልነትን በአኩም ይለካሉ። ወፍራሙ ድምፅ ያመዘነበት፣ ሹልነቱ ያነሰና ቶሎ የሚጠፋ አንድ ምት አብዛኛው ሰው «ጥሩ» የሚለው ነው። ከባድ ነገር ሲወድቅ ወፍራም ድምፅ እንደሚሰጥ ሰው ከልጅነቱ ስለሚያውቅ፣ በሩን ሲሰማ ክብደትን፣ ከክብደት ደግሞ ጥንካሬን ይገምታል።

ጆሮ ሌላውን ስሜት መምራቱ በምግብም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ቻርልስ ስፔንስ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የድንች ጥብስ ሲነክሱ የራሳቸውን የአፋቸውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙ ተደረገ። ቀጭኑ ድምፅ ጎላ ሲደረግላቸው ጥብሱን ይበልጥ ትኩስና ጥርስ ላይ የሚሰበር ነው አሉት። ጥብሱ ግን አልተለወጠም ነበር።

በፋብሪካ

አምራቾች ድምፁን የሚቀዱት ብዙ ጊዜ በጆሮዎቹ ቦታ ማይክሮፎን በተተከለበት የሰው ጭንቅላት ቅርጽ ነው። ቅጂውን ለአድማጮች ያሰሙና የተወደደው ላይ እስኪደርሱ መቆለፊያውን በፕላስቲክ ይሸፍናሉ፣ ጎማውን ይለውጣሉ፣ ላሜራው ላይ ንጣፍ ይለጥፋሉ። ሥራው ማታለል ነው ማለት አይቻልም፤ ጥሩ ጎማ አቧራና ውኃም ይከላከላል። ሆኖም ሞተሩን፣ ካምቢዮውንም ሆነ ሻንሲውን ምንም አይጨምርላቸውም።

በደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ መንገድ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሐይቅ ያልፋል፣ ከዚያም የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ውጫሌ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት ተሽከርካሪዎች የበር ድምፅ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ጥሩ አድርገው ያሳያሉ።

ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ወርክሾፕ የተሳፋሪ አካል የተገጠመለት ነው። ስሙም ላሜራው በመዶሻ ከመቀጥቀጡ የመጣ ነው። አካሉ በኮረኮንች ላይ ይንቀጫቀጫል፣ በሩም ሲዘጋ ጓ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሞተርና ሻንሲ ግን ለከባድ ጭነት የተሠራ ስለሆነ ዳገቱን ይወጣዋል። በበሩ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ማንም አይሳፈርበትም ነበር። በባጃጅ ላይ ደግሞ ፈተናው ጨርሶ የለም፤ ያለው ሸራ ነው።

የሚኒባስ በር ሌላ ታሪክ አለው። ተንሸራታች በር የሚሄደው በሐዲድ ላይ በትንንሽ መንኮራኩሮች ነው። ረዳቱ በአንድ ጉዞ 10 ጊዜ ቢከፍተው፣ በቀንም 8 ጉዞ ቢኖር፣ በ300 የሥራ ቀናት ውስጥ 24,000 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው፤ የቤት መኪና በር ይህን ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በሐዲዱ ውስጥ የጥርጊያ መንገድ አቧራ ሲገባ መንኮራኩሩ ይበላል፣ በሩ ይዘነብላል፣ በኃይል ካልተወረወረም አይዘጋም። በኃይል የተወረወረ በር ደግሞ ይባሱን ይበላል። ሾፌሮች «በሩን ቀስ!» የሚሉት ድምፁ ስለረበሻቸው ብቻ አይደለም።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ዋጋ እየተገመተ ከገበያ እንደሚወጣ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ያደረገውም ይኸው ሥራ ነው። ገዢው የማያየውን ለማወቅ የሚይዘው ትንሽ ምልክት ይፈልጋል፤ በሩ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ለመሞከርም ገንዘብ አያስከፍልም።

ምልክቱ የሚጠቅመው በሮቹ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ነው። የቀኝና የግራ፣ የፊትና የኋላ በሮች በተመሳሳይ ኃይል ተገፍተው ይደመጣሉ። የሾፌሩ በር ከሌሎቹ ይበልጥ ላላ ቢል አያስገርምም፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እሱ ነው። ብዙም የማይከፈተው የኋላ በር ብቻውን የተለየ ድምፅ ካሰማ ግን ተነቅሎ የተገጠመ፣ ግጭት የደረሰበት ወይም ስቱኮ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ላሜራው በጣት ይንኳኳል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ይደነቁራል፣ ማግኔትም በደንብ አይዝም። ሲከፈት ዝቅ የሚል፣ ለመዝጋት ወደ ላይ ማንሳት የሚጠይቅ በር ማጠፊያው አልቋል። መስታወቱ እስከ ግማሽ ወርዶ ሲዘጋ የሚንኳኳው ደግሞ የመስታወቱ መያዣ ነው፤ ይህ ቀላል ጥገና ነው።

ሻጭም ይህን ያውቃል። አዲስ የበር ጎማ፣ ጥቂት ግራሶና ከውስጥ የሚለጠፍ ንጣፍ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያዩ እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ናቸው፤ ያረጀ በር በአንድ ቀን «ድም» እንዲል ያደርጋሉ። ስለዚህ መጥፎ ድምፅ ለመጠርጠር ይበቃል፣ ጥሩ ድምፅ ግን ለማመን አይበቃም። ሜካኒክ ይዞ መሄድን የሚተካ አይደለም።

ድምፅና ጥንካሬ

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ራሱ በድምፁ ላይ ይመሰክርበታል። በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታመኑት ቶዮታ ኮሮላ፣ በተለይ የድሮዋ ዲኤክስ፣ ኋላም ቪትዝ በሮቻቸው ቀላልና ስስ ናቸው፤ ሲዘጉም ከጀርመን መኪኖች ጋር የሚወዳደር ድምፅ የላቸውም። ያተረፏቸው የሞተራቸው ጽናትና የመለዋወጫቸው እንደ ልብ መገኘት ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ላዳ ታክሲዎችም በሮቻቸው እየተንቀጫቀጩ በአዲስ አበባ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል።

በግጭት ጊዜ ሰውን የሚጠብቀው በላሜራው ጀርባ በበሩ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ምሰሶና የመኪናው ማዕቀፍ ነው። የአሜሪካ ሕግ የመኪና በሮች የጎን ግፊትን እንዲቋቋሙ ማስገደድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ መኪኖችን እያጋጨ ውጤታቸውን የሚያሳውቀው የአውሮፓ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕም የበር ድምፅን በነጥብ አይቆጥርም።

በኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታወቅ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጣ። እነዚህ መኪኖች ሞተራቸው ዝም ስለሚል ገዢው አስነስቶ የሚያዳምጠው ብዙ ነገር የለም፣ የበሩ ድምፅም ከቀድሞው ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ያለበት ባትሪ ግን ሲያረጅ አንዳች ድምፅ አያሰማም፤ ሁኔታው የሚታወቀው በመመርመሪያ መሣሪያ ነው።