ዓሣው ታሟል ወይስ በርዶታል?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ማለዳ፣ ትንሿ ልጄ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። «አባዬ፣ ዓሣዬ ሊሞት ነው መሰለኝ» አለችኝ። ቀዩ ቤታ በአምስት ሊትር የመስታወት ዕቃው ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ምግብ ቢጨመርለትም ንቅንቅ አላለም። ልጄ መድኃኒት እንድገዛ ለመነችኝ። እኔ ግን በቅድሚያ ቴርሞሜትር ውኃው ውስጥ ከተትሁ። 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ!

ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ሞቃት አገሮች ዓሣ ነው፤ የሚስማማውም ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ነው። እኛ የሰውነታችንን ሙቀት ከምግብ እናመነጫለን። የዓሣ ሙቀት ግን፣ ከጥቂት ዝርያዎች በቀር፣ የውኃው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄዱት ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት በግምት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የበረደው ዓሣ የማይዋኘውና የማይበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይደክማል።

ለመሆኑ ውኃው ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ? አንደኛው ምክንያት የአዲስ አበባ ብርድ ነው። ሁለተኛው የዕቃው ትንሽነት ነው። ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው 40 ሊትር ገንዳ ከአምስት ሊትሩ ስምንት እጥፍ ውኃ ይይዛል፤ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመቀዝቀዝ ሁለት እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስድበታል።

ብርድ ብቸኛው ተጠርጣሪ አይደለም። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ቤታ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ብዙም አይጎዳም። ሌሎች ዓሦች ግን አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ ደቅነው ካለከለኩ የአየር መንፊያ ያስፈልጋቸዋል። አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውኃ ወዲያው አትጨምሩላቸው፤ ሲፈላ ኦክስጅኑ ወጥቷልና። ሌላው ተጠርጣሪ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ነው። ማጣሪያ በሌለው ዕቃ ውስጥ ተከማችቶ ስንጥቡን ይጎዳል።

መፍትሔው እንግዲህ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ። ቀጥሎ ቀስ ብላችሁ አሙቁ፤ ድንገተኛ ለውጥ ከብርዱ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። እኛ ለብ ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን ከዓሣው ዕቃ ውስጥ አንሳፈፍን። በማግስቱ 20 ሊትር ገንዳና ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር 50 ዋት ማሞቂያ ገዛን። ይህን ያህል ውኃ በስምንት ዲግሪ ለማሞቅ 670 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ማሞቂያው ይህን ለመስጠት ወደ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ዝግታው ለዓሣው በጎ ነው። መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ አናቱን ግን ለአየር ተዉለት። በየሳምንቱ የውኃውን አንድ አራተኛ ለውጡ። የቧንቧው ውኃ ክሎሩ እንዲወጣለት በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ይቆይ፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይስተካከል።

ውኃው ሞቆና ጸድቶም ዓሣው ካልተነሣ፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም የሆድ እብጠት ከታየበት፣ ያን ጊዜ በሽታን መጠርጠር ተገቢ ነው። የልጄ ቤታ ግን መድኃኒት አላስፈለገውም። ውኃው 25 ዲግሪ በደረሰ ማግስት ምግቡን ፍለጋ ወደ ላይ ወጣ። እርሷም ከዚያ ወዲህ ቁርሷን ከመብላቷ በፊት ቴርሞሜትሩን ታነባለች።