የእንጉዳይ ክፍል አየር ወዴት ይውጣ?

እንጉዳይ ለማልማት ሰፊ መሬት አያስፈልግም። በፈላ ውሃ የተቀቀለ ገለባ ወይም የጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት፣ ጥቂት ፌስታሎች፣ እርጥበት ያላትና ጨለም ያለች አንዲት ክፍል ከተገኙ ኦይስተር የተባለው የእንጉዳይ ዓይነት በሳምንታት ውስጥ ለምግብ ይደርሳል። በመሆኑም የቤታቸውን ትርፍ ክፍል ለዚህ ሥራ የሚያውሉ የከተማ ነዋሪዎች አሉ። እንደ ሐዋሳ መሃል ከተማ ግቢ ከግቢ በተጠጋበት፣ የአንዱ መስኮት በሌላው ግድግዳ ላይ በሚከፈትበት ሠፈር ግን ከዘሩና ከገለባው እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከክፍሉ የሚወጣው አየር ነው።

አረንጓዴ ተክል በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ኦክስጅን ይሰጣል። እንጉዳይ ግን እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀትና የውሃ ተን ያወጣል። በውጭው አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሞሊኪዩሎች መካከል ዛሬ ከ420 የሚበልጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ1,000 እጅግ ሲያልፍ የእንጉዳዩ እግር ይረዝማል፣ ባርኔጣው ያንሳል፣ ገበያም ያጣል። ለሰው ጤና ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ስፖሩ ነው። የበሰለ ኦይስተር ርዝመታቸው 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ ስፖሮችን በብዛት ይረጫል። እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር በረጋ አየር ውስጥ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በዚህ መካከል ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ይተነፍሰዋል። ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር የሚያስከትል የሳንባ ሕመም ያመጣል፤ ሕመሙ በሕክምናው ዓለም «የእንጉዳይ ሠራተኛ ሳንባ» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መግባትና የባርኔጣው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ መልቀም ይገባል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። ብዙዎች «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባድ ጋዝ ስለሆነ የማስወጫው ቀዳዳ ከወለሉ አጠገብ ይሁን» ይላሉ። አባባሉ እውነት የሚመስለው ጋዙን ለብቻው ስናስብ ነው። በክፍሉ ውስጥ የጋዙ መጠን ከሚሊዮን 5,000 ቢደርስ እንኳ የአየሩ እፍግታ የሚጨምረው በመቶኛ 0.26 ብቻ ነው። ይህም አየሩ ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ባነሰ መጠን ቢቀዘቅዝ ከሚያመጣው ለውጥ አይበልጥም። በአንጻሩ የውሃ ተን ከአየር ይቀልላል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት 95 በመቶ የውጭው ደግሞ 50 በመቶ ቢሆን፣ የክፍሉ አየር 2 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ሙቀት እንዳለው ሆኖ ወደ ላይ ይነሳል። ሙቀትና እርጥበት ተባብረው ክብደቱን ያሸንፉታል ማለት ነው። ማስወጫው ከላይ፣ ማስገቢያው በተቃራኒው ግድግዳ ከታች ይሁን የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የተፈጥሮ ግፊት ምን ያህል ጉልበት አለው? ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየርም ከ1 ኪሎ ግራም በጥቂቱ ያንሳል። ክፍሉ 25 ዲግሪ፣ ውጭው 18 ዲግሪ፣ በማስገቢያውና በማስወጫው መካከል ያለው ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን የምናገኘው የግፊት ልዩነት 0.7 ፓስካል ብቻ ነው። በዚህ ግፊት ስፋታቸው 15 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ክብ ቀዳዳዎች የሚያልፈው አየር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል የሚይዘው አየር ይኸው 30 ሜትር ኩብ ስለሆነ በሰዓት አንድ ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው። ለሚያፈራ እንጉዳይ በተለምዶ የሚመከረው ግን ከ4 እስከ 8 ጊዜ ነው። እንግዲህ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ የሚስብ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያስፈልገናል። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ደካማው የተፈጥሮ ግፊት ከምንም ይሻላልና ቱቦው ከጣሪያ በላይ ቢወጣ መልካም ነው።

ነፋስም አይዘነጋ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ በግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከ4 ፓስካል በላይ፣ ማለትም ከላይ ካሰላነው ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ፀሐያማ በሆነ ቀን መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ማለትም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ማስወጫውን ወደ ሐይቁ ያዞረ ሰው ከሰዓት በኋላ ስፖሩን መልሶ ይቀበላል። ወደ ምሥራቅ ያዞረው ደግሞ በዚያ በኩል የጎረቤት መስኮት አለመኖሩን ማየት አለበት። ጎረቤት የእንጉዳዩ ተካፋይ ካልሆነ የስፖሩም ተካፋይ መሆን የለበትም።

ድካም ለመቀነስ ሲባል ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ ከትቶ መተው ፈጽሞ አይመከርም። 22 ዲግሪ ሙቀትና 90 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ሌሊት ቆርቆሮው ወደ 13 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ሊቀር የሚችለው 11 ግራም ብቻ ነው፤ ቀሪው 6 ግራም ጠል ሆኖ በቆርቆሮው ሆድ ላይ ይቀመጣል። በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ስናስብ ቢበዛ አንድ ሊትር ውሃ ነው! እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሻጋታ ይወርሰዋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ይረጥባል። ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ መሆን፣ ማራገቢያውም የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ካወጣነው አየር ሳይሆን በምትኩ ከሚገባው ይመጣል። ማራገቢያ ያወጣውን ያህል አየር ከሆነ ቦታ መግባቱ አይቀርም። በቂ ማስገቢያ ካልተበጀለት በበሩ ሥር ከሳሎን፣ ከማእድ ቤት ይስባል። ከፍታው 3 ሜትር የሆነና በአማካይ 100 ዲግሪ የሞቀ የምድጃ ጭስ ማውጫ የሚፈጥረው ግፊት 6 ፓስካል ያህል ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠራ ማራገቢያ ደግሞ በአሥር የሚቆጠር ፓስካል ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ደግሞ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ጋዙ አየሩን ተከትሎ ሰው በተኛበት ክፍል በኩል ሊያልፍ ይችላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብተው ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ስለሆነም ማስገቢያው በቀጥታ ከውጭ የሚመጣ፣ ስፋቱም ከማስወጫው የማያንስ ይሁን። ለዝንብ የሚለጠፈው ወንፊት የቀዳዳውን ጥቂት ክፍል ስለሚሸፍን ሰፋ ማድረግና በየሳምንቱ ማጠብ ያስፈልጋል።

መሣሪያ ባይኖር ዕጣን ይበቃል። ምድጃና ከሰል ሳይለኮሱ የቤቱን በርና መስኮት ሁሉ ዘግተን ማራገቢያውን እናስነሳና የሚጨስ ዕጣን በመጀመሪያ በእንጉዳዩ ክፍል በር ሥር፣ ቀጥሎ በምድጃው ጭስ ማውጫ አፍ እንያዝ። በበሩ ሥር ጭሱ ወደ እንጉዳዩ ክፍል ከተሳበ፣ ወይም በጭስ ማውጫው ከላይ ወደ ታች ከተገፋ፣ ማስገቢያው ጠቧል። ማስፋትና እንደገና መሞከር ነው፤ እስከዚያው ማራገቢያው እየሠራ በቤቱ ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል።