ዘበኛውን ከመለወጥዎ በፊት

ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሰው በስልክዎ ወሬ ሲያነቡ፥ ወይም በባንክ ያለዎትን ገንዘብ ሲመለከቱ፥ በክፍሉ ጥግ ትንንሽ መብራቶቹን እያበራ የተቀመጠውን ሳጥን ልብ ብለውት ያውቃሉን? ራውተር የሚባለው ይህ ሳጥን የቤትዎ የኢንተርኔት በር ነው። በዋይፋይ የሚወጣውና የሚገባው መልእክት ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። በውስጡ ሆኖ «ይህ ይግባ፥ ያ ይከልከል» እያለ የሚያዝዘው ደግሞ ፈርምዌር የተባለው ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ሳጥኑ በር ከሆነ፥ ፈርምዌሩ የበሩ ዘበኛ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ወጣቶች ፋብሪካው የቀጠረውን ዘበኛ አሰናብተው ሌላ ማስገባት ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ሰዎች ያዘጋጁትን ፈርምዌር ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ይቻላልና። ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ቀላል ነው፥ በግማሽ ሰዓት ያልቃል» ሲል፥ ሌላው «ከቶ እንዳይነኩት» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል እላለሁ። መጫኑ የአንድ ማታ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኀላፊነት ግን ሳጥኑ እስኪጣል ድረስ አይለይዎትም።

ልማዱ እንዴት እንደ ተጀመረ በአጭሩ ልንገርዎ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የሚባል ራውተር ለገበያ አቀረበ። በ2003 ፈርምዌሩ ሊነክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ የተሠራ መሆኑ ታወቀ። የሊነክስ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያከፋፍል ሁሉ የተጻፈበትን ምንጭ እንዲገልጥ ያስገድዳል። ኩባንያው ምንጩን በገለጠ ጊዜ የሙያው ሰዎች እርሱን እያሻሻሉ የራሳቸውን ይሠሩ ጀመር። ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው ሥራ በ2004 ተጀመረ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ራውተር ነው።

ጥቅሙ አይካድም። ፋብሪካዎች አሮጌ ራውተሮቻቸውን ቶሎ ይረሳሉ፤ የተረሳ ዘበኛም ይተኛል። በ2018 ሲስኮ የተባለው ኩባንያ እንዳስታወቀው፥ ቪፒኤንፊልተር የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ውስጥ ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ የፋብሪካው ፈርምዌር ሁልጊዜ ደኅና ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ቢሆንም አንድ ዘበኛ ሰነፍ መሆኑ ያገኙትን ሁሉ ለመቅጠር ምክንያት አይሆንም።

የመጀመሪያው አደጋ በመጫኑ ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ራውተር ስም ሳይለወጥ የውስጥ ዕቃው ሊለወጥ ይችላል። ያ ስመ ጥር ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ራሱ በ2005 አምስተኛው ስሪት ሲወጣ፥ ቋሚ ማኅደሩ ከ4 ሜጋባይት ወደ 2፥ የሥራ ማኅደሩም ከ16 ወደ 8 ዝቅ ብሎ፥ ሊነክስም ከውስጡ ወጥቶ ነበር። በውጭ ግን ያው ሳጥን፥ ያው ስም ነው።

ይህን እኔ ራሴ የተማርሁት በጥፋት ነው። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በተከራየነው ቤት የነበረውን አሮጌ ራውተር ፈርምዌር አንድ ማታ ልለውጥ ተነሣሁ። የሞዴሉን ስም አየሁ እንጂ፥ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የስሪት ቁጥር አላነበብሁም። ጽፎ ሲጨርስ መብራቶቹ አንድ ጊዜ ብልጭ ብለው ጠፉ፤ ከዚያም ወዲያ አልበሩም። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ሳጥን «ጡብ ሆነ» ይሉታል። ለካስ ባልደረባዬ በሚቀጥለው ክፍል የውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻውን ሊልክ ተቀምጦ ኖሯል፤ ቀነ ገደቡም እኩለ ሌሊት ነበር። በመጨረሻው ሰዓት በስልኩ መስመር እንደ ምንም ላከው። «ግድ የለም» ቢለኝም የዚያን ጊዜውን ፊቱን አልረሳውም። የኔ የማወቅ ጉጉት የእርሱን ዕድል ለጥቂት አልበላውም።

መብራትም ሌላው ጠላት ነው። ፈርምዌሩ በመጻፍ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ግማሹ አሮጌ፥ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራል። ሳጥኑን የሚያስነሣው የመጀመሪያ ክፍል ካልተነካ በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ማዳን ይቻላል፤ እርሱም ከተበላሸ ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦ ማያያዝ ያስፈልጋልና የባለሙያ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ መብራት በሚበዛበትና ሌላ ሰው ኢንተርኔቱን በማይፈልግበት ሰዓት፥ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይሥሩ፤ የማዳኛውንም መመሪያ አስቀድመው አውርደው ያስቀምጡ። ራውተሩ ከጠፋ በኋላ መመሪያውን ከየት ያነቡታል?

ሁለተኛው አደጋ ጸጥ ያለ በመሆኑ የባሰ ነው። ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ እንደሚጠራ ሁሉ፥ ፈርምዌርም ዋስ ያስፈልገዋል። ከባለቤቶቹ ገጽ ብቻ ያውርዱት፤ በዚያ ከተጻፈው የማረጋገጫ ቁጥር ጋርም ያስተያዩት። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው «አሻሽዬዋለሁ» ብሎ የሚያድለውን አይቀበሉ። ባንኮች መልእክታቸውን በምስጢር ቢቆልፉም፥ የተበላሸ ዘበኛ የጠየቁትን አድራሻ ለውጦ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራዎት ይሞክራል።

ሐቀኞችም ይሳሳታሉ። በኦፕን ደብልዩ አር ቲ ውስጥ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን የሚጭነው ክፍል ከ2017 ጀምሮ የማረጋገጫውን ቁጥር በትክክል ሳይመረምር ቆይቶ፥ ስሕተቱ የታረመው በ2020 ነው። በ2024 መጨረሻም ፈርምዌር በትእዛዝ በሚያዘጋጀው አገልግሎታቸው ላይ ሌላ ቀዳዳ ተገኝቶ ወዲያው ተደፈነ። ስሕተታቸውን ሳይደብቁ መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን እርማቱ የሚጠቅመው ላወረደው ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ጭኖ ለአምስት ዓመት የረሳው ሰው፥ ከሸሸው ፋብሪካ በምን ይሻላል? ደግሞም 4 ሜጋባይት ቋሚ ማኅደርና 32 ሜጋባይት የሥራ ማኅደር ብቻ ላላቸው አሮጌ ሳጥኖች 19.07 የተባለው እትም የመጨረሻቸው ሆኗል፤ ያም እትም በ2022 ማሻሻያ ማግኘቱን አቁሟል።

የይለፍ ቃልንም አይርሱ። ኦፕን ደብልዩ አር ቲ አዲስ ሲጫን ለአለቃው መግቢያ የይለፍ ቃል አልነበረውም፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲያወጣ ይጠበቃል። ይህን ያላደረገ ሰው አዲስ ዘበኛ ቀጥሮ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ ተወ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ነገር ጎረቤትን ይመለከታል። ራውተር የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ካሉት መስመሮች አንዳንዶቹን የአየር ጠባይ ራዳሮች ይጠቀሙባቸዋል፤ ራውተሩም ራዳር ሲሰማ መስመሩን እንዲለቅ ታዝዟል። ኀይል ለመጨመር ሲል የሌላ አገር ስም የሚመርጥ ሰው ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። በ2016 ቲፒ ሊንክ የተባለው ኩባንያ ራውተሮቹ ከተፈቀደው በላይ ኀይል እንዲሰጡ ሊደረጉ በመቻላቸው ለአሜሪካ መንግሥት 200,000 ዶላር ከፍሏል። በዚያው ስምምነት ግን ኩባንያው የሌሎች ፈርምዌር የሚጫንበትን መንገድ ከሙያው ሰዎች ጋር እንዲፈልግ ተስማማ። ሕጉ የጠላው የአየሩን መረበሽ እንጂ አዲሱን ዘበኛ አይደለም።

እንግዲህ ከመጀመርዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ። ሳጥኑ የራሴ ነው ወይስ የአገልግሎት ሰጪው? የስሪቱን ቁጥር አንብቤአለሁን? የማዳኛውን መንገድ ዐውቃለሁን? በየጊዜው ማሻሻያውን የምከታተል እኔ ነኝን? ለአራቱም መልስ ካለዎት አይፍሩ፤ ይጫኑት፥ ብዙም ይማሩበታል። መልስ ከሌለዎት ግን የፋብሪካውን ማሻሻያ ጭነው፥ ጠንካራ የይለፍ ቃል አውጥተው ይቀመጡ፤ ይህም ብልኅነት ነው። በቤቱ ከእርስዎ ጋር የሚኖሩት ሁሉ በዚያው በር ይገባሉ፥ ይወጣሉና። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዛሬው ሰውም ይሠራል።