የታመቀ አየር መውጫ በበረሃ መኪና ላይ

ከመቀሌ ወርደው ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ የሚጓዙ ላንድ ክሩዘሮች ልል አሸዋ ሲገጥማቸው የሚያወጣቸው ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ በጎማቸው ውስጥ ያለው የአየር መጠን ነው። በአስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ (ፒኤስአይ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ግፊት በፓውንድ የሚለካበት ሲሆን 14.5 ፒኤስአይ አንድ ባር ያህላል) ወደ 18 ገደማ ሲቀነስ መሬት የሚነካው ገጹ በተለይ በርዝመቱ ስለሚያድግ፣ የመኪናው ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈልና አሸዋው ሳይከዳ ይሸከመዋል። አየር መቀነሱ ቀላል ሲሆን አስቸጋሪው መመለሱ ነው፤ በለሰለሰ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር እየታጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱም ድርብርብ ንጣፎቹን አላቆ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። ጎሚስታ በማይገኝበት አገር መልሶ የሚነፋበት መሣሪያ የሌለው ሾፌር አየር ለመቀነስ አይደፍርም፤ ባለመድፈሩም አሸዋው ውስጥ በሙሉ አየር ይገባና ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ራሱን እየቀበረ ይሄዳል። በመኪናው አካል ላይ በቋሚነት የሚተከለው የአየር ቱቦ መጋጠሚያ አውራ ጣት የሚያክል የናስ ቁራጭ ነው፤ ሆኖም ሾፌሩ አየር ለመቀነስ የሚደፍረውና የማይደፍረው በእርሱ መኖር አለመኖር ነው።

ላንድ ክሩዘር ፍሬኑ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ እንደ ከባድ መኪናዎች የአየር ታንክ ይዞ ከፋብሪካ አይወጣም፤ አየሩ የሚገኘው በ12 ቮልት ባትሪ ከሚንቀሳቀስና ብዙውን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ከሚታሰር ኮምፕረሰር ነው። (በአየር ፍሬን በሚሠሩ የጭነት መኪናዎች ላይ ግን ከፍሬን ታንኩ በዘፈቀደ ቅጥያ ማውጣት መኪናውን ያለ ፍሬን ሊያስቀር ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።) የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙ አያነጋግርም፤ ኮምፕረሰሩ እንደ አቅሙ ከ20 እስከ 60 አምፔር ስለሚስብ ወፍራም ሽቦ፣ ለባትሪው ቅርብ የሆነ ፊውዝና ሪሌ ያስፈልጉታል።

መጋጠሚያው ሁለት አካል አለው። በመኪናው ላይ የሚተከለው ሴቴው ሲሆን፣ ውስጡ በሞላ የሚገፋ መዝጊያ ስላለው ቱቦው ሲነቀል አየሩን በራሱ ያግታል፤ በቱቦው ጫፍ ያለው ወንዴ ሲሰካ ደግሞ መዝጊያውን ወደ ውስጥ ገፍቶ አየሩን ይለቃል። የእነዚህ መጋጠሚያዎች ቅርጽ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአውስትራሊያ የበረሃ መኪናዎች ዘንድ የጃፓኑ ኒቶ ሲለመድ አሜሪካኖች ሌላ ቅርጽ ይጠቀማሉ፣ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ተከታትለው በረሃ የሚገቡ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መጋጠሚያ ቢይዙ የአንዱ ኮምፕረሰር ቢበላሽ በሌላው መገልገል ይችላሉ።

የሚተከልበት ቦታ ጊዜ ተወስዶ ሊመረጥ ይገባል። ከኮፈኑ ሥር ቢቀር ከድንጋይ ይጠበቃል፣ ነገር ግን ጎማ በተነፋ ቁጥር ኮፈን ይከፈታል፣ አቧራም ሞተሩ ላይ ይነዛል፤ ከፓራውልቱ ሥር ዝቅ ብሎ ቢተከል ደግሞ ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የባዛልት መንገድ ብዙ ሳይቆይ በድንጋይ ይመታል። የተሻለው በፓራውልቱ የላይኛው ገጽ ወይም በፊት ፍርግርጉ አጠገብ፣ ጎማው ከሚረጨው ጭቃ ከፍ ብሎ መትከል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ለመድረስ ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚሆን ቱቦ ይበቃል። ለመትከያው ብረቱ ሲበሳ ቀለሙ የተላጠው ጠርዝ የዝገት መከላከያ ካልተቀባ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል።

አብዛኛው የአየር ማፍሰስ የሚመጣው ከመጋጠሚያው ጥርስ ነው። በገበያ የሚገኙት መጋጠሚያዎች ሁለት ዓይነት ጥርስ አላቸው፤ በሩብ ኢንች መጠን የእንግሊዙ በአንድ ኢንች ርዝመት 19 ጥርስ ሲኖረው የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ የአሜሪካው ደግሞ 18 ጥርስና 60 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር በሰላም ይገባና ከዚያ ይጠብቃል፣ ሠራተኛውም የተጠናቀቀ መስሎት በመፍቻ ሲያስጨንቀው ጥርሱ ይበላል። በእጅ ብቻ ከሁለት ሦስት ዙር አልፎ የማይሄድ መጋጠሚያ ከተገኘ መግፋቱ ቀርቶ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ትክክለኛው ጥርስ ከተገኘ በኋላ፣ እየቀጠነ በሚሄደው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ይጠመጠማል፤ መጋጠሚያው ሲጠብቅ ቴፍሎኑ እንዳይፈታ አቅጣጫው የጥርሱ ጫፍ ወደ ራስ ሆኖ ሲታይ ወደ ቀኝ ነው፣ የመጀመሪያው ጥርስም ባዶውን ይተዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ የቴፍሎን ብጣሽ በመዝጊያው ሥር ተወትፎ አየሩን ቀስ በቀስ ያፈሳልና። ማጥበቁ በሁለት መፍቻ ይሠራል፤ አንዱ መጋጠሚያውን ይዞ ሌላው ሲያዞር ቱቦው አይጠመዘዝም።

ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር በመታመቁ እጅግ ስለሚግል፣ የመጀመሪያው ክፍል ውስጡ ቴፍሎን የሆነና ውጪው በማይዝግ ሽቦ የተሸረበ ቱቦ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ከማርሚታው፣ ከመሪው ዘንግና ከሚንቀሳቀስ አካል ሁሉ ይርቃል፤ ብረት አልፎ በሚሄድበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይገባለታል፤ ሞተሩ ሲርገበገብ እንዳይወጠርም ትርፍ ርዝመት ይተውለታል።

በዚህ መንገድ የከፍታው ነገርም መታሰብ አለበት። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ዳሎል አካባቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከደጋ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ታች ሲደርስ በመለኪያ ላይ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ የበረሃው ሙቀት ግን ግፊቱን ስለሚጨምረው ጉድለቱን ሊያካክሰው ይችላል። በደጋ ያለው ስስ አየርም ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚስበውን መጠን ስለሚቀንሰው አስፋልቱ እንደተገኘ፣ አቀበቱን ከመጀመር በፊት፣ ታች መንፋት ይሻላል፤ የመጨረሻው ልክ ግን ጎማው በርዶ ይለካል።

ሥራው ሲያልቅ ኮምፕረሰሩ ተነሥቶ ግፊት ሲይዝ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ ይቀባል፤ አረፋ የሚያበዛ ቦታ ይፈታና እንደገና ይጠብቃል። በጨው ሜዳ ላይ የተነዳ መኪና መጋጠሚያው የናስ ቢሆን እንኳ ጨዉና ብናኙ ተሰብስበው መዝጊያውን ስለሚያጣብቁት፣ ሽፋኑ ሳይከደን አይነዳም፤ ከጉዞው መልስ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በአየር ይደርቃል፣ የውስጡ የጎማ ቀለበትም ተሰንጥቆ ከተገኘ ይለወጣል።