ስም ይወጣል ከቤት

በአውሮፓ የቆዩ ተረቶች ውስጥ ከሦስት እህትማማቾች ታላቅ መሆን ዕዳ ነው። ታላቂቱ ዕድሏን ፍለጋ ቀድማ ትወጣለች፤ ትሳሳታለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች። መካከለኛዋም እንደዚያው። ሀብቱም ልዑሉም የሚጠብቁት የመጨረሻዋን ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዲያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ለወጣቶች ያሳተመችው «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» የተሰኘው ልቦለድ ይህን የተረት ልማድ ወስዶ የአገር ደንብ ያደርገዋል። ታሪኩ የሚፈጸምባት ኢንጋሪ የምትባል ምናባዊ አገር ናት። እዚያ አስማት እንደ ዳቦ ጋገራ የሚለመድ ሙያ ነው፤ ከሦስት ታላቅ ሆኖ መወለድም ሁሉ የሚያውቀው ክፉ ዕጣ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሶፊ ሃተር ታላቅ ናት። ስለዚህ ከራሷ ብዙም አትጠብቅም።

አባቷ ባርኔጣ ሻጭ ነበሩ። ሲሞቱ ቤተሰቡ ላይ ዕዳ ይቀራል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከአቅም በላይ ሆኖ ኖሯል። የእንጀራ እናቷ ፋኒ ቁጭ ብላ ሦስቱን ልጆች ትደለድላለች። መልከ መልካሟ ሌቲ ኬክ ቤት ትገባለች። ትንሿ ማርታ አስማት ለመማር ወደ አንዲት ባለሙያ ሴት ትላካለች። ሶፊ ግን ታላቅ ስለሆነች እዚያው ባርኔጣ ቤት ትቀራለች። ድልድሉ ውስጥ ክፋት የለበትም፤ ፋኒ ለእያንዳንዷ ይበጃል ያለችውን ነው ያደረገችው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ታናናሾች ድልድሉ አልተመቻቸውም። መማር የምትሻው ሌቲ ናት፤ ማርታ የምትሻው ትዳርና አሥር ልጅ ነው። በድግምት መልካቸውን ይለዋወጡና አንዷ በሌላዋ ቦታ ትገባለች። የተሰጣትን ቦታ ሳታጉረመርም የተቀበለችው ሶፊ ብቻ ናት።

የመጽሐፉ ትልቁ ምሥጢር የተደበቀው በዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ሶፊ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ተቀምጣ ባርኔጣ ታስጌጣለች። የምታዋራው ሰው ስለሌላት ባርኔጣዎቹን ታዋራለች። አንዱን ሀብታም ማግባት ሳይኖርብህ አይቀርም ትለዋለች። ሌላውን ልብህ ወርቅ ነው፣ አንድ ትልቅ ሰው አይቶ ይወድሃል ትለዋለች። ብዙም ሳይቆይ ያንን ባርኔጣ የገዛችው የመንደር ልጅ ከአንድ ባላባት ጋር መኮብለሏ ይሰማል። ገበያው ይደራል፤ ሶፊ ግን ነገሩን ከራሷ ጋር አታገናኘውም። አንባቢው ቀስ እያለ ይገባዋል። ሶፊ የተናገረችው ይሆናል። አስማቷ ምላሷ ላይ ነው።

«እደጊ፣ ተመንደጊ» እየተባለ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሽማግሌ ምርቃት ሲወርድ አሜን የምንለው፣ እርግማን ሲሰማም የምንደነግጠው፣ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ሥራ ይሠራል ብለን ስለምናምን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የሶፊ ነገር የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ምርቃቱን ሁሉ ለባርኔጣ ታወርዳለች፤ ወደ ራሷ ስትመለስ ግን ታላቅ ነኝ፣ አይሳካልኝም ትላለች። ቃሏ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ይኸኛውም ይሠራል ማለት ነው።

ከዚያ ክፉው ቀን ይመጣል። የጠፍ ምድሯ ጠንቋይ የሚሏት ኃይለኛ ሴት ሱቁ ገብታ፣ በስሕተትና በቅናት፣ ሶፊን አሮጊት ታደርጋታለች። ድግምቱ ስለ ራሱ ለሰው እንዳትናገርም አፏን ይለጉማታል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ብዙ እንባ ያፈስስ ነበር። ሶፊ ግን መስታወት አይታ ለራሷ ጥቂት ታጉረመርምና ዳቦና አይብ ቋጥራ ከቤት ትወጣለች። አሮጊት መሆን ነጻ ያወጣታል። ትናንት መንገድ ላይ ሰው ሲያነጋግራት የምትሸማቀቀው ልጅ ዛሬ ማንንም ትቆጣለች፤ ሳትጠራ ትገባለች፤ ሳትጠየቅ ትመክራለች።

ማታ ላይ የምታገኘው መጠለያ በኮረብታው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንከራተት ጥቁር ግንብ ነው። ባለቤቱ ሃውል የኮረዶችን ልብ ይበላል ተብሎ የሚፈራ ወጣት አስማተኛ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን የሚታየው የሸረሪት ድር፣ ያልታጠበ ዕቃ፣ ማይክል የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት ተለማማጅና ምድጃ ውስጥ የታሰረ ካልሲፈር የሚባል የእሳት ጋኔን ነው። ካልሲፈር ከሃውል ጋር ያሰረውን ውል ብታፈርስለት የእሷን ድግምት ሊፈታላት ይስማማል። ሶፊ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ ብላ እዚያው ትቀመጣለች፤ የቀጠራት ሰው የለም።

የግንቡን በር ልብ ይበሉ። ከበላዩ አራት ማዕዘን የእንጨት እጀታ አለ፤ በየጎኑ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። አረንጓዴው ወደ ታች ሲዞር በሩ ኮረብታው ላይ ይከፈታል። ቀዩ ወደ ንጉሡ ከተማ፣ ሰማያዊው ወደ ባሕር ወደብ ያወጣል። ጥቁሩን የሚያዞረው ሃውል ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድም ለማንም አይናገርም።

ጥቁሩ በር የሚወስደው ወደ ዌልስ ነው፤ መኪናና የኮምፒዩተር ጨዋታ ወዳለበት ወደ እኛው ዓለም። እዚያ ሃውል የሚፈራ አስማተኛ አይደለም። ሃወል ጄንኪንስ ይባላል፤ ተምሮ ተምሮ ወግ ያለው ሥራ ያልያዘ ወንድም ነው። እህቱ ሜጋን ስታየው ትወቅሰዋለች። በአንድ አገር ነገሥታት የሚፈልጉት ሰው በእህቱ ቤት የቤተሰቡ ማፈሪያ ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? ሶፊም ሃውልም የሚሸሹት ቤት ያወጣላቸውን ስም ነው። እሷ እርጅና ውስጥ ተደበቀች፤ እሱ በአራት በር ያመልጣል።

ደራሲዋ ይህንን ከሩቅ አይታ አልጻፈችውም። ዲያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ተወለደች፤ ከሦስት እህትማማቾች ታላቅ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ወደ ዌልስ ከተላኩት ልጆች አንዷ ነበረች። በኋላ ቤተሰቡ ታክስቴድ በምትባል የኤሴክስ መንደር ሰፈረ። ወላጆቿ የስብሰባ ማዕከል ያስተዳድሩ ነበር፤ ልጆቹም ከዋናው ቤት ተለይተው በማይሞቅ ቤት ያድሩ እንደነበር፣ ብዙም የሚያያቸው እንዳልነበረ ራሷ ጽፋለች። አባቷ መጽሐፍ ላይ ቆጣቢ ነበር። የአርተር ራንሰምን የልጆች መጻሕፍት ገዝቶ ቆልፎ ያስቀምጥና ለገና አንዲቱን ለሦስቱም ይሰጣቸዋል። ለዓመት አንድ መጽሐፍ አልበቃቸው ስላለ ታላቂቱ እየጻፈች ለታናናሾቿ ታነብ ጀመር። ኋላ ኦክስፎርድ ገብታ የሲ. ኤስ. ሉዊስንና የጄ. አር. አር. ቶልኪንን ትምህርት ተከታትላለች፤ የደራሲነት ሥራዋ የተጀመረው ግን በዚያ ብርዳም ቤት ነው። የዚህኛውን መጽሐፍ ሐሳብ እንኳ የሰጣት አንድ ተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤት ስትጎበኝ ስለሚንቀሳቀስ ግንብ እንድትጽፍ ጠየቃት።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ከፊልሙ ነው። ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2004 አኒሜሽን አድርጎ ሠርቶታል። ፊልሙ ውብ ነው፤ ነገር ግን ጦርነትን ወደ ፊት አምጥቶ ዌልስን አስቀርቷል፤ የእህትማማቾቹም ታሪክ ሳስቷል። ስለዚህ ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን ጨርሻለሁ ማለት አይችልም። መጽሐፉ ቀልደኛ ነው። ሶፊ መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ ጠርሙሶቹን ታቀያይርበትና የሃውል ጸጉር ያላሰበው ቀለም ይወጣል፤ ታላቁ አስማተኛም ኩርፊያውን ቤቱን በሚያጥለቀልቅ አረንጓዴ ዝልግልግ ይገልጻል።

እንግሊዝኛው ለሚያነብ ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ ይሆናል። ወላጅ አብሮ ቢያነብ አንድ ነገር እንዲከታተል እመክራለሁ፦ የሶፊን ዕድሜ። ደራሲዋ ሳታስታውቅ ሶፊን አንዳንድ ጊዜ ታስረጃታለች፣ አንዳንድ ጊዜ ታቀልላታለች። መቼ? ምን ስትል፣ ምን ስታስብ? ሃውል ድግምቱን በድብቅ ሊፈታላት ሞክሮ አልሆን ሲለው፣ በአሮጊት መልክ መደበቁን ራሷ ወዳዋለች ብሎ ይደመድማል። ድግምቱን የጣለባት ጠንቋይዋ ናት፤ ይዞ ያቆየው ግን የራሷ ቃል ነው። ልጅን «አንቺማ ሰነፍ ነሽ»፣ «አንተማ ታላቅ ነህ፣ ቻለው» ከማለት በፊት ቆም የሚያሰኝ ሐሳብ ነው። ውሉ እንዴት እንደሚፈርስ ግን አልናገርም፤ እሱን ከመጽሐፉ ያግኙት።

ዲያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትሞት አንድ ልቦለድ ሳትጨርስ ቀርታ ነበር። ረቂቁን አንስታ የጨረሰችው የሁሉም ታናሽ የሆነችው እህቷ ኧርሱላ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሁለቱም ስም ታተመ። በተረቱ ደንብ ታላቂቱ የምትወድቅበትን ሥራ ትንሿ ትፈጽማለች። እዚህ ግን ትንሿ የታሪክ አወራርን የሰማችው ብርዳሙ ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ እህቷ አፍ ነው።