ታኬታ፣ ማልያና የፋብሪካ ሰው፦ ስለ አሮጌ የእግር ኳስ ትጥቅ በባሕር ዳር የተሰጠ ንግግር



ስለ አሮጌ የኳስ ትጥቅ እንድናገር ስጋበዝ ከቃላቱ መጀመርን መረጥሁ። «ማልያ»ም «ታኬታ»ም ከጣልያንኛ የወሰድናቸው ናቸው። ሁለተኛው ቃል በምንጩ የሚያመለክተው ከሶሉ ሥር ያለውን ጉጥ ብቻ ነው፤ እኛ ግን መላውን ጫማ ጠራንበት። እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በባዶ እግር ወይም በሸራ ጫማ የጨርቅ ኳስ ሲለጋ ላደገ ልጅ ከሁሉ የሚደንቀው ጉጡ ነበረና።

የቀድሞው ታኬታ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ከባድ የቆዳ ጫማ ነው። ጉጦቹ ተደራርበው በሚስማር የተመቱ የቆዳ ቁራጮች ነበሩ፤ ቆዳው ሲያልቅ ሚስማሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ እግር ይወጋል። የሚፈታና የሚገጠም ጉጥ በዓለም ዘንድ የታወቀው ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1954 የዓለም ዋንጫን ስታነሣ ነው። ኳሱም ከቆዳ ቁራጮች የተሰፋ፣ ውስጡ የጎማ ፊኛ ያለበት፣ አፉ በጠፍር የሚታሰር ነበር። ደንቡ ክብደቱን ከ410 እስከ 450 ግራም ገደማ ይወስናል፤ ይህ ግን በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው የሚጠጣው ውሃ ለተጫዋቹ ግንባር የተተወ ዕዳ ነው። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድበት በጣና ዳርቻ የክረምት ጭቃን የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደ ሆነ አይጠፋውም። ቆዳውን ሞራ መቀባት የተለመደውም ስለዚሁ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎቻችን ደግሞ ማልያውን ያስረዱናል። ጥጥ በመደበኛ የላቦራቶሪ ሁኔታ፣ ሳይነከር፣ ከአየር ብቻ የክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። በዚህ ላይ ላብና ዝናብ ሲጨመርበት የጥጥ ማልያ ከተጫዋቹ ጋር የሚሮጥ ሌላ ሸክም ይሆናል።

ይህን ሸክም የተሸከመው ማን ነበር? የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫዋች፣ በሙያውም መካኒክ ነበር። ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ ወታደር አሥመራ ላይ ተወለደ። በዚያው ፍጻሜ እሱም ወንድሙ ኢታሎም ግብ አስቆጥረዋል። የክለቦቻችንን ስም ብንቆጥር ታሪኩ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ይገባናል፤ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ወንጂ ስኳር። እንግሊዛዊ ለክለቡ ብዙ ጊዜ የሰፈሩን ስም ሲሰጥ፣ እኛ የአሠሪውን ስም ሰጠን።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በፋብሪካ ቡድን ዘንድ ማልያ እንደ ሥራ ቱታ ነው። ከግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ሲቀደድ ይጣፋል፤ ጨርሶ ሲያልቅም ለማሽን መወልወያ ይውላል። ስለዚህ የዋንጫዎቹ ፎቶግራፍ ሲተርፍ ልብሱ አይተርፍም። ከተረፈም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሳይመለስ በቀረበት ቤት፣ በሳጥን ግርጌ ነው። በሕጉ መሠረት የጠፋ ንብረት ነው እንዳትሉኝ፤ ለታሪክ ጥናት የዳነ ንብረት ነው።

አያቶቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ አትጠቡት። ጥፉን አትፍቱ፤ የማን እጅ እንደ ሰፋው፣ በምን ክር እንደ ሰፋው ከዚያ ይነበባልና። ከፀሐይ አርቃችሁ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን የለበሰው ሰው በሕይወት ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ በየትኛው የፋብሪካ ክፍል ይሠራ እንደ ነበር፣ በየትኛው ፈረቃ፣ ለልምምድ ማን ይተካው እንደ ነበር ጻፉ። ማልያው ይህን አይነግረንም።