የሥራ ቦታ ጥናትና ያልተጠየቁት ሠራተኞች

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና አካባቢውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች እንዲያመቻቹ ግዴታ ይጥላል። ይሁን እንጂ ማመቻቸቱ በድርጅቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና የሚያስከትል ከሆነ አሠሪው አይገደድም። ጫናው የሚመዘነው በወጪው፣ በድርጅቱ ስፋትና በመሳሰሉት ነው። ለመሆኑ ምን እንደሚያስፈልግና ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚናገረው ማን ነው? ሠራተኛው ካልተጠየቀ የሚቀረው የአሠሪው ግምት ብቻ ነው።

ባሕር ዳርን እንውሰድ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ነዋሪዋም ብስክሌት የለመደ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድን ባለሙያ የሚያግደው ዳገት ሳይሆን የቢሮው ደረጃ ነው። በጣና ዳር ባለ ሆቴል ስልክ ለሚቀበል ማየት የተሳነው ሠራተኛ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃው ይሆናል፤ አንዳንዱ በነፃ ይገኛል። መስማት ለተሳናት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የአደጋ ደወሉ ከመብራት ጋር ቢያያዝ ብዙ ነገር ይለወጣል። ይህንን በትክክል የሚያውቁት ባለጉዳዮቹ ናቸው።

ታዲያ ጥናት የሚያካሂድ ሰው እንዴት ይጋብዛቸው? የተለመደው መንገድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ ማየት የተሳነው አያነበውም። ስልክ መደወልም መስማት ለተሳነው አይሆንም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተሳታፊዎችን የሰው ኃይል ኃላፊው እንዲመርጥ ማድረግ ነው። በአለቃው ተመርጦ የመጣ ሰው «ምንም ችግር የለብኝም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በመሆኑም ጥሪው በአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በኩል፣ በድምፅ፣ በብሬልና በምልክት ቋንቋ ጭምር ቢተላለፍ ይመረጣል። አስተርጓሚው የሥራ ባልደረባ ባይሆን፣ የተሳታፊውና የአጋዡ የባጃጅ ሂሳብ ቢሸፈን፣ ውይይቱም ምድር ቤት ቢካሄድ መልካም ነው። ምስጢር መጠበቅም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንድ ማየት የተሳነው ባለሙያ ብቻ ባለበት መሥሪያ ቤት ስም መደበቅ ማንነትን አይደብቅም። ተመራማሪው የሥራ መደቡንና መሥሪያ ቤቱን ጭምር ከሪፖርቱ ማውጣት ይኖርበታል።

የአጠያየቅ ነገር ውጤትን ምን ያህል እንደሚቀይር የሕዝብ ቆጠራ ያሳየናል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአካል ጉዳተኞች ድርሻ ከሕዝቡ 1.1 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ደግሞ የዓለም አማካይ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ልዩነቱን በአመዛኙ የፈጠረው ጥያቄው ነው። «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ብዙው «የለም» ይላል፤ «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ ይቸገራሉ?» ሲባል ግን መልሱ ይለያል። የሥራ ቦታ ጥናትም ራሱን አካል ጉዳተኛ ብሎ የማይጠራውን፣ ግን ሰነድ ለማንበብ የሚቸገረውን የሂሳብ ሠራተኛ የሚያገኘው እንዲህ ሲጠይቅ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ወገን አለ። ቢሮ ገብቶ ሠራተኞችን ብቻ የሚያነጋግር ጥናት ደረጃው አስቸግሯቸው ሥራ የለቀቁትን፣ ለፈተና ተጠርተው ፈተናው በብሬል ባለመዘጋጀቱ የተመለሱትን አያገኝም። እነዚህን ለማግኘት ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ በየማኅበራቱና በየሰፈሩ መፈለግ ያስፈልጋል።